«ያልተነቃነቀው» ዋጋ የማን ነው?

ይድረስ ለአዘጋጁ፤

ባለፈው ሳምንት ስለ አክሲዮን ገበያ ያወጣችሁትን ዘገባ አነበብኩት። ሌላው ሌላው ይቅር። አንዱ ነገር ግን አላስቀምጥ አለኝ። «ገበያው ሲናጥ የግል ኩባንያዎች የአክሲዮን ዋጋ አልተነቃነቀም» ብላችሁ ቀጥ ያለች መስመር በግራፍ አሳያችሁን።

ማን ነቅንቆት!

ገበያ ላይ የተመዘገበ ኩባንያ አክሲዮን ገበያው በተከፈተ ቁጥር ይሸጣል፣ ይገዛል። ሲወርድ ሁሉም ያየዋል። ገበያ ላይ ያልተመዘገበ የግል ኩባንያ አክሲዮን ግን ለወራት፣ አንዳንዴም ለዓመታት ከእጅ ወደ እጅ ላይዞር ይችላል። የሚጻፍለት ዋጋ ወይ መጨረሻ ላይ ገንዘብ ያስገባው ኢንቨስተር የከፈለው ነው፣ ወይ ባለሙያ የገመተው። ይሄን «አልተነቃነቀም» ማለት ሚዛን ላይ ካልወጣሁ አልወፈርኩም እንደ ማለት ነው።

የስዊድኑ የክፍያ አገልግሎት ድርጅት ክላርና ገና የግል ኩባንያ ሳለ፣ እ.ኤ.አ. በ2021 45.6 ቢሊዮን ዶላር ተገመተ። በ2022 እንደገና ገንዘብ ሲሰበስብ 6.7 ቢሊዮን ሆኖ ተገኘ። በእናንተ ግራፍ ቢሳል በመሃል ያለው ጊዜ ጸጥ ያለ መስመር ይሆን ነበር። ቢሮ አከራዩ የአሜሪካ ድርጅት ዊወርክም በ2019 መጀመሪያ 47 ቢሊዮን ዶላር ተብሎለት ነበር። አክሲዮን ለሕዝብ ሊሸጥ የሒሳብ ሰነዱን ይፋ ባደረገ በሳምንታት ውስጥ ግምቱ አሽቆለቆለ፣ ሽያጩም ቀረ። ድርጅቱ በእነዚያ ሳምንታት ውስጥ አልተበላሸም። መዝገቡ ተገለጠ እንጂ።

እኛስ የት ገባን? በዘገባችሁ መሥራቾች አሉ፣ ትልልቅ ፈንዶች አሉ፣ አማካሪዎች አሉ። በደመወዝ ፈንታ አክሲዮን የተቀበልን ሠራተኞች የለንም። እኔ ከሠራሁበት የግል ኩባንያ አክሲዮን ይዤ ወጣሁ። ልሽጥ ስል ቦርዱ ካልፈቀደ አይሆንም ተባልኩ። እንደምንም ገዢ አገኘሁ። ሰውዬው የሒሳብ መግለጫ አሳየኝ አለ። ኩባንያው «ሚስጥር ነው» አለ። ገዢዬ ሄደ፤ ምን ያድርግ? በወረቀት ግን ሀብታም ነኝ፣ ተመስገን።

ዋጋው ራሱም የእኔ አይደለም። ኢንቨስተሮቹ አብዛኛውን ጊዜ የሚገዙት የቅድሚያ መብት ያለው አክሲዮን ነው። ኩባንያው በርካሽ ቢሸጥ መጀመሪያ ገንዘባቸውን የሚያነሱት እነሱ ናቸው። ተራ አክሲዮን የያዝነው ከተረፈ ይደርሰናል። ጋዜጦች ግን የእነሱን ዋጋ በጠቅላላው የአክሲዮን ቁጥር ያባዙና «ኩባንያው ይሄን ያህል ያወጣል» ይሉናል።

ገበያ ላይ መውጣት ጽድቅ ነው አላልኩም። የየሩብ ዓመቱ ሪፖርት አለቆችን አርቀው እንዳያዩ ያደርጋል የሚለው ክርክር ውሃ ያነሳል። ማይክል ዴል በ2013 የኮምፒውተር ኩባንያውን ዴልን ከገበያ አስወጥቶ በ2018 መልሶታል። ድንጋጤም ዋጋን ያለ ልክ ይጥላል። ቢሆንም እዚያ የመረረው ሰው ከስሮም ቢሆን ሸጦ ይወጣል። እኔ መክሰር እንኳ አልቻልኩም።

ለሚቀጥለው ዘገባ ሦስት ነገር ብቻ ጠይቁልን፦ ይህ አክሲዮን መጨረሻ የተሸጠው መቼ ነው? የትኛው ዓይነት አክሲዮን? መሸጥ የተፈቀደለትስ ማን ነው? ዋጋው አልተነቃነቀም ያሏችሁ ባለሙያዎችም በዚያው ዋጋ የእኔን ይግዙኝ። አድራሻዬ እናንተ ጋ አለ።

አንድ ባለ ተራ አክሲዮን