ሰንሰለት ከመግዛታችሁ በፊት፦ ስለ ውሻ ሥልጠና ለደንበኞቻችን

ውድ ደንበኞቻችን፣

እንደምን ከረማችሁ? ሰሞኑን ወደ መኖና የእንስሳት መድኃኒት ሱቃችን ጎራ ስትሉ አብዝታችሁ የምትጠይቁን ወፍራም ሰንሰለት ነው። «ውሻው አስቸገረ፣ እንግዳ አላስገባ አለ፣ ባጃጅ እያሳደደ ነው» ትላላችሁ። ሰንሰለቱ አለ፣ እንሸጣለን። ግን ቀኑን ሙሉ ታስሮ የሚውል ውሻ ሰው ሳይለምድ ያድጋል። በተፈታ ቀን ጉድ ይፈላል። ስለዚህ መጀመሪያ ይህችን አንብቡልን።

ውሻ የሚማረው ካደረገው ነገር ወዲያው ተከትሎ ከሚያገኘው ነው። ወዲያው ስንል በአንድ ሁለት ሰከንድ ውስጥ ማለታችን ነው። «ቁጭ በል» ብላችሁት ቂጡ መሬት እንደነካ ጉርሻው አፉ ይግባ። ኪሳችሁን ስትፈትሹ ተነስቶ ከዘለለባችሁና ያኔ ከሰጣችሁት፣ የሸለማችሁት መዝለሉን ነው።

አጀማመሩ ቀላል ነው። ቁራሹን አፍንጫው ጋ አስጠጉና ቀስ እያላችሁ ከጭንቅላቱ በላይ ወደ ኋላ ውሰዱት። እሱን ለማየት አንገቱን ሲያቀና ቂጡ በራሱ ይወርዳል። ወገቡን መጫን አያስፈልግም። ጥቂት ደጋግሙና አምስት ደቂቃ ሳይሞላ ተዉት፤ ቡችላ ቶሎ ይሰለቻል። በቀን ሁለት ሦስቴ በቂ ነው።

ጉርሻው ውድ መሆን የለበትም። ከሥጋ ቤት ሳንባ ገዝታችሁ ቀቅሉና በጥፍር መጠን ክተፉት። በጾም ሥጋ ቤት ሲዘጋ፣ ከምሳው በፊት ከሆነ ደረቅ ዳቦም ይሠራል። የተረፈ ወጥ ግን ይቅርባችሁ፤ ሽንኩርት ለውሻ መርዝ ነው። የበሰለ የዶሮ አጥንትም ተሰንጥሮ አንጀቱን ሊወጋው ይችላል። በበዓል ማግስት ይህን አደራ።

አጠራር ላይ ቤተሰቡ ይስማማ። አባት «ና» ካለ፣ ልጆች «ካም» ካሉ፣ ዘበኛው በፉጨት ከጠራ፣ ውሻው የትኛውን ይያዝ? ጠርታችሁት ሲመጣም በፍጹም አትምቱት፣ አዲስ ጫማ በልቶ እንኳ ቢሆን። የሚገባው «ስመጣ ተመታሁ» ብቻ ነው፤ ሌላ ቀን አይመጣም።

ሽንት ላይም ያው ነው። ከእንቅልፍ ሲነሳ፣ በልቶ ሲጨርስ፣ ተጫውቶ ሲያበቃ ወደ አንድ የግቢ ጥግ ውሰዱት፤ ሲጨርስ እዚያው አጉርሱት። አፍንጫውን ሽንቱ ላይ ማሸት የሚሉት ነገር የሚያስተምረው ተደብቆ ሶፋ ሥር መሽናትን ነው። ቤት ከሸና ሽታው እስኪጠፋ እጠቡት፤ ሽታው ካለ እዚያው ይመለሳል።

«ሰው ከለመደ ቤት አይጠብቅም» የሚለውን አንስማማበትም። በደንብ ያደገ ውሻ ማታ ጅብም ሌባም ሲመጣ ይጮኻል፤ ቀን ደግሞ የጎረቤት ልጅ አይነክስም። ልምዱ የሚያዘው በመጀመሪያዎቹ ሦስት አራት ወራት ነው። ክትባቱን እስኪጨርስ ከማያውቁት ውሾች ጋር አታቀላቅሉት እንጂ፣ አቅፋችሁት በር ላይ ቁሙ። ባጃጅ ይይ፣ ዣንጥላ የያዘ ሰው ይይ፣ የልጆች ጫጫታ ይስማ። ባጃጅ አልፎ ዝም ካለ አጉርሱት።

ካደገ በኋላ ወደ ጣና ዳር ስትወጡ በጠዋት ይሁን፤ ቀትር ላይ አስፋልቱ መዳፉን ያቃጥለዋል። ገመዱን አትልቀቁ። በተለይ አባይ ከሐይቁ በሚወጣበት አካባቢ ጉማሬ አለ፤ ጉማሬ ደግሞ በሥልጠና አይመለስም።

የእብድ ውሻ በሽታ ክትባት በሦስተኛው ወር ይጀምራል፤ ከዚያ በየዓመቱ ይደገማል። ውሻ ሰው ከነከሰ ቁስሉን በሳሙናና በሚፈስ ውኃ 15 ደቂቃ እጠቡና ሳትውሉ ሳታድሩ ጤና ተቋም ሂዱ። ለመጀመሪያው ክትባት ስትመጡ ቡችላውን በካርቶን ሳይሆን በገመድ ይዛችሁት ብትመጡ፣ «ቁጭ በል» የሚለውን ሱቁ በር ላይ አብረን እናሳያችኋለን። አናስከፍልም።

ከአክብሮት ጋር፣
የሱቁ ባልደረቦች፣ ባሕር ዳር