የሳይንስና ፍልስፍና ክበብ፦ ጅብ ለምን ተፈጠረ?

ዘንድሮ ክበባችን ብዙ ርዕስ አላሳደደም። አንድ ጥያቄ ላይ ሙጭጭ ብለን ከረምን፤ አንድ ነገር "ለዚህ ዓላማ ነው" ስንል ምን ማለታችን ነው?

ነገሩን የጀመረው አንድ የ10ኛ ክፍል ልጅ ነው። "ጅብ የተፈጠረው ሐረርን እንዲያጸዳ ነው" አለ። ብዙዎቹ አጨበጨቡለት። አንዲት የ11ኛ ክፍል ተማሪ ግን "ሐረር ሳትቆረቆርስ ጅብ ምን ይሠራ ነበር?" አለችው። ለእኔ የዓመቱ ምርጥ ጥያቄ ይህ ነው።

ተያይዘን ሐረርን የከበበው ጁገል ግንብ ሥር ሄድን። ግንቡ በ16ኛው ክፍለ ዘመን፣ በአሚር ኑር ጊዜ፣ ከተማዋን ከጠላት ለመጠበቅ ተሠራ። ዓላማው ያሠሩት ሰዎች ልብ ውስጥ ነበር። ጅብ የሚሾልክባቸው ቀዳዳዎችም ሰው አስቦ የተዋቸው ናቸው። የጅቡ መንጋጋስ? ዳርዊን እ.ኤ.አ. በ1859 ያቀረበው ሐሳብ እዚህ ገባ። አጥንት መስበር የቻሉት የተሻለ በሉ፣ ብዙ ወለዱ፣ ልጆቻቸውም መንጋጋውን ወረሱ። ስለዚህ መንጋጋው "አጥንት ለመስበር ነው" ቢባል ያስኬዳል፤ ጸንቶ የቆየው በዚያ ሥራው ነውና። ከተማ ማጽዳቱ ግን ለእኛ የተረፈ ጥቅም ነው። ጅቡ የሚፈልገው እራቱን ነው።

"ፈጣሪስ?" የሚል ጥያቄ ከክርስቲያኑም ከሙስሊሙም መጣ። እምነታችሁን ውጭ ትታችሁ ግቡ አላልኩም። ሳይንስ የሚመረምረው መንጋጋው እንዴት እንዲህ እንደሆነ ነው፤ ከዚያ በላይ ያለውን ከወላጆቻችሁና ከሃይማኖት አባቶች ጋር ተወያዩበት አልኳቸው።

በሁለተኛው መንፈቅ ዓመት አንዳንዶች "እንግዲያው ዓላማ የሚባል ነገር ከሳይንስ ይውጣ" አሉ። አልተስማማሁም። እንግሊዛዊው ሐኪም ዊልያም ሃርቪ በደም መልሶች ውስጥ ያሉት ቫልቮች ወደ ልብ ብቻ የሚያሳልፉት ለምንድን ነው ብሎ ማሰቡ ደም በሰውነት ውስጥ እንደሚዞር እንዲደርስበት ረድቶታል፤ ግኝቱን እ.ኤ.አ. በ1628 አሳተመ። እኛም ከሥጋ ቤት የበሬ ልብ ገዝተን ውሃ አፈሰስንበት። ቫልቩ እጥፍ ብሎ ሲዘጋ የክፍሉ ጩኸት ዳይሬክተሩን አስመጣ። እሳቸውም ቆመው አዩ።

ወደ ሥነ ምግባር ስንሻገር ግን ጉዳዩ ከበደ። በተፈጥሮ ሁሉ ዓላማ የሚፈልገው አርስቶትል አንዳንድ ሰዎች በተፈጥሯቸው ባሪያ ናቸው ብሎ ነበር። ልጆቹ በጣም ተቆጡ፤ መቆጣታቸው ደስ አለኝ። ሰውን እንደ መሣሪያ ብቻ አትቁጠር የሚለውን የፈላስፋውን የካንትን ሐሳብ ያነሳሁት ያኔ ነው። ወዲያው አንዱ "እናቴ የወለደችኝ እንድጦራት ነው ትላለች፤ ታዲያ እኔ መሣሪያ ነኝ?" አለ። ክርክሩ ሳምንታት ፈጀ። አንዲት ልጅ "እኔ እናቴን እጦራለሁ፤ የምጦራት ግን ስለምወዳት ነው፣ ለዚያ ስለተሠራሁ አይደለም" አለች። ሌላው "ፍቅሩስ ከየት መጣ? እሱም እንደ መንጋጋው ነው?" ብሎ መለሰላት።

እዚህ ላይ ሳለን ፈተና ደረሰ። መስከረም ላይ ከዚሁ ጥያቄ እንቀጥላለን። የ9ኛ ክፍል ተማሪዎች፣ በተለይ የማትስማሙ፣ ኑ ተመዝገቡ።