ብድራችሁን ፈጣሪ ይክፈልልኝ

ይኸው ቆሜ ሄድኩ! ዲግሪዬንም ተቀበልኩ። እግዚአብሔር ይመስገን። ሆስፒታል ገብቼ እንደነበር ሁላችሁም ስለምታውቁ ዝርዝሩን አልደግመውም።

ከሁሉ በፊት ሃልሞኒን። ደቡብ ኮሪያ፣ ሴኡል በተማርኩበት ኢዋ የሴቶች ዩኒቨርሲቲ ዶርማችንን የሚያጸዱ እናት ናቸው፤ በኮሪያኛ አያቴ እንደማለት፣ ሁላችንም ሃልሞኒ ነው የምንላቸው። ከሆስፒታል ከወጣሁ በኋላ ጠዋት ጠዋት ቀጠን ያለ የሩዝ ገንፎ ያመጡልኝ ነበር። እንዳይበርድ ድስቱን በፎጣ ጠቅልለው። ጨርሼ እስኪያዩ አይሄዱም። ማንኪያውን ሳስቀምጥ አንስተው መልሰው ያስይዙኛል። ግንባሬን ልክ እንደ እናቴ በእጃቸው ጀርባ ዳበስ ያደርጉና ትኩሳት መኖር አለመኖሩን ያውቃሉ። የገንፎውን ልክፈል ስላቸው ተቆጡኝ። በኮሪያ ጦርነት የዘመተውን የእኛን ቃኘው ሻለቃ ጠርተው፣ «የእናንተ ልጆች እኮ ለእኛ ሞተዋል» አሉኝ። አሁንም ስጽፈው እንባዬ ይቀድመኛል። እማማ፣ ዕድሜና ጤና ይስጥልኝ!

አንዲት ሌላ እናትም ላመስግን፤ ካረፉ መቶ ዓመት አልፏቸዋል። ሜሪ ስክራንተን ይባላሉ፤ አሜሪካዊት የሜቶዲስት ሚሲዮናዊት። በአውሮፓውያን አቆጣጠር በ1885 ኮሪያ ሲገቡ ባላቸው የሞተባቸው የ52 ዓመት ሴት ነበሩ። በማግስቱ ዓመት በአንዲት ተማሪ ብቻ የሴቶች ትምህርት ቤት ጀመሩ። ሰዉ ፈረንጅ ልጅ ይወስድብናል ብሎ ይፈራ ነበር። ስለዚህ አንዲትን ድሃ ልጅ ሲቀበሉ፣ ያለ ወላጆቿ ፈቃድ ከአገር እንደማያስወጧት በጽሑፍ ቃል ገቡ። እስቲ አስቡት፤ ልጅ ለማስተማር ውል መፈረም! በ1887 ንጉሥ ጎጆንግ ለትምህርት ቤቱ ኢዋ የሚለውን ስም ሰጡት። በዚያው ዓመት ሚሲዮኑ ለሴቶች ብቻ የሕክምና ቤት ከፈተ፤ ወንድ ሐኪም ዘንድ መሄድ ነውር ነበራ። እኔ የዳንኩበት የኢዋ ሆስፒታል ታሪኩን የሚቆጥረው ከዚያ ጀምሮ ነው። ትምህርቱም ሕይወቴም ከእሳቸው እጅ የመጣ ይመስለኛል። በ1909 ሴኡል አረፉ፤ የተቀበሩትም እዚያው ያንግህዋጂን በሚባለው የውጭ አገር ሰዎች መቃብር ነው። ነፍስዎን ይማር።

ደግሞ ሳልረሳው፣ ሃልሞኒ የዕረፍት ቀናቸውን ትተው ምርቃቴ ላይ ተገኝተዋል። አበባ ይዘው!

ሐኪሞቼ፣ ነርሶቼ፣ መምህራኖቼ፣ የክፍል ልጆች፣ የሴኡል ሐበሾች፣ አገር ቤት ሆናችሁ በጸሎት ያሰባችሁኝ ሁሉ፣ ውለታችሁ አለብኝ። ስም ልጥራ ብል ስለማልጨርሰው፣ ያልጠራኋችሁ በእናታችሁ እንዳትቀየሙኝ። እሁድ ከቤተ ክርስቲያን መልስ ቡና አፈላለሁ፤ ሴኡል ያላችሁ እንዳትቀሩ።