ይድረስ ለወንድም ዓለሜ፦ ስለላክህልኝ አውሮፕላን

ደሴ፣ ኅዳር 20 ቀን

ይድረስ ለምወድህ ወንድም ዓለሜ፤

ለጤናህ እንደምን ሰንብተሃል? እኔና ቤተሰቤ፣ ፈጣሪ ይመስገን፣ ደህና ነን። ደብዳቤህን ሳልመልስ ሁለት ዓመት ሙሉ መቆየቴን አልክድም፤ ሥራ በዛብኝ ብዬ ብጽፍልህም እንደማታምነኝ አውቃለሁ። ዝም ያልሁት ከላክህልኝ ሳጥን የተነሣ ነው። ያንን የቦይንግ ቢ 17 ጂ፣ የአሜሪካኖቹን የሁለተኛው የዓለም ጦርነት ቦምብ ጣይ አውሮፕላን፣ የፕላስቲክ ሞዴል ሠርቼ ፎቶውን እንደምልክልህ ቃል ገብቼ ነበር፤ በሦስተኛው ወር ግን አበላሸሁት፤ ይህንንም ለአንተ ከመጻፍ ዝም ማለቱ ቀለለኝ።

ነገሩ እንዲህ ነው። የአፍንጫው መስታወት፣ ቦምብ ጣዩ ከማነጣጠሪያው ጀርባ የሚቀመጥበት ማለቴ ነው፣ እንደ ግማሽ እንቁላል ቅርፊት አንድ ወጥ ሆኖ የተሠራ ጥርት ያለ ፕላስቲክ ነው። አንድ ማታ ከውስጡ መትረየሱ ተነቅሎ ወደቀብኝ፤ እኔም በጥድፊያ በሱፐር ግሉ አጣብቄ፣ መስታወቱን ገጥሜ ተኛሁ። ጠዋት ሳየው ከውስጥ በኩል በክረምት የጦሳን ተራራ የሚሸፍነውን ጉም መስሎ ነጥቷል። ሱፐር ግሉ ሲደርቅ የሚያወጣው ትነት በጥርት ፕላስቲክ ላይ ነጭ ሆኖ ይጋገራል፤ መስታወት የሚጣበቀው በአናጺ ነጭ ኮላ ነው። ይህን ሳላውቅ ቀርቼ አይደለም፤ ያበሸቀኝም እሱ ነው። ሳጥኑን ቁም ሣጥን ላይ ሰቅዬ ከዓመት በላይ አላየሁትም።

ካለፈው ፋሲካ በኋላ ግን አውርጄ መስታወቱን በጥንቃቄ ፈለቀቅሁት። በጣም ደቃቅ የሆነውን ብርጭቆ ወረቀት በውሃ እየነከርሁ፣ ጣቴን ወደ ውስጥ ሰድጄ ስፈገፍገው መጀመሪያ ይባስ ነጣ፤ ከዚያ በአሮጌ ነጠላ ቁራጭ ላይ የጥርስ ሳሙና እየቀባሁ አራት ማታ ወለወልሁት። በአራተኛው ማታ የአምፖሉ ብርሃን አልፎ ሲታየኝ እንደ ልጅ ጮኽሁ፤ ባለቤቴ ጣቴን የቆረጥሁ መስሏት ከጓዳ ሮጣ መጣች።

ከዚያ ወዲህ ሥራ ከመጀመሬ በፊት የማነበው ወረቀት ግድግዳዬ ላይ ለጥፌአለሁ፤ ሐሳቡም ከዚሁ አውሮፕላን ታሪክ የመጣ ነው። የዚህ አውሮፕላን የመጀመሪያው ናሙና ሐምሌ 21 ቀን 1927 ዓ.ም. ለመጀመሪያ ጊዜ በረረ፤ ጥቅምት 19 ቀን 1928 ዓ.ም. ደግሞ የጭራ መሪዎቹን ከነፋስ የሚጠብቀው ቁልፍ ሳይፈታ ኦሃዮ ውስጥ ተነሥቶ ተከሰከሰ። አብራሪዎች ከመነሣታቸው በፊት አንድ በአንድ የሚያነቡት ቼክሊስት ከዚያ አደጋ በኋላ ነው የተለመደው። የእኔም ወረቀት የመጀመሪያ መስመር «ሱፐር ግሉ ከመስታወት ይራቅ» የሚል ነው።

መጠኑን ስትልክልኝ ያሰብህበት አይመስለኝም። እውነተኛው ከክንፍ ጫፍ እስከ ክንፍ ጫፍ 31.62 ሜትር ነው፤ ሞዴሉ የእውነተኛው አንድ ሠላሳ ሁለተኛ ስለሆነ፣ ለ32 ሲካፈል አንድ ሜትር ሊሞላ ትንሽ ይቀረዋል፤ የቤታችን ቡፌ አይችለውም። ክንፎቹን ሆን ብዬ ያላጣበቅሁትም ለዚህ ነው።

ከሁሉ የቆየሁት በሞተሮቹ ላይ ነው። እያንዳንዱ ሞተር ዘጠኝ ሲሊንደር፣ እያንዳንዱ ሲሊንደር ሁለት ካንዴላ አለው፤ ይህም ለአራቱ ሞተር ሰባ ሁለት ሽቦ ማለት ነው። ከአሮጌ የስልክ ገመድ መዳቡን ፈትዬ፣ በወረንጦ እየያዝሁ፣ በማታ ሦስት ወይም አራት ብቻ እገጥም ነበር። ከኋላ ያሉትን ማንም እንደማያያቸው አውቃለሁ፤ ቢሆንም ገጠምኋቸው። የውስጡንም ሁሉ አረንጓዴ ቀብተው የሚጨርሱ አሉ፤ ከአብራሪዎቹ ክፍል በስተቀር ግን አብዛኛው ያልተቀባ አሉሚኒየም ነው።

የውጩንም ቀለም እንዲሁ የብረት መልክ ልሰጠው ወሰንሁ፤ ከ1944 እ.ኤ.አ. መጀመሪያ ጀምሮ ፋብሪካዎቹ ሳይቀቡ ያስረክቡ ነበርና። ለዚህ ከሥር የሚያብረቀርቅ ጥቁር መቀባት ያስፈልጋል፤ ደሴ ላይ በነሐሴ ጉም ብሞክረው እርጥበቱ ገብቶበት ጥቁሩ አመድ መሰለ። ስለዚህ ክንፎቹን በጋቢ ጠቅልዬ፣ በሚኒባስ ሐረጎን ወርጄ፣ ኮምቦልቻ አንድ የማውቀው ጎሚስታ ዘንድ በኮምፕሬሰሩ ቀባሁ። ሰውየው አባታቸው ቢሾፍቱ መካኒክ ስለ ነበሩ «ቢ 17 ባለ አንድ ሞተር ነው» ብለው ግማሽ ቀን ተከራከሩኝ። እሳቸው የሚሉት አየር ኃይላችን ከ1947 እ.ኤ.አ. ጀምሮ ከስዊድን የገዛውን ሳብ ቢ 17 ነው፤ ሁለታችንም ልክ ነበርን። በጨርቅ የተሸፈኑትን የጭራና የክንፍ መሪዎች ግን ቤት መልሼ፣ ከብረቱ እንዲለዩ ደብዘዝ ባለ ብርማ ቀለም በብሩሽ ጨረስኋቸው።

አሁን የምነግርህን ቅር እንዳትሰኝበት። የቦምብ ክፍሉን መዝጊያዎች ከፍቼ ላሳያቸው አስቤ፣ መደርደሪያውንና ቦምቦቹን አንድ ወር ሙሉ ስሠራ ከርሜ ነበር። እናቴ ለቡና መጥታ ገልብጬ ያስቀመጥሁትን ብዙ ጊዜ ቆማ አየችውና፣ «ይቺ የደሴዋ አይሮፕላን ናት?» አለችኝ። ኅዳር 26 ቀን 1928 ዓ.ም. ጣሊያን ከተማችንን ሲደበድብ፣ ንጉሠ ነገሥቱ ራሳቸው በፀረ አውሮፕላን መሣሪያ ሲተኩሱ፣ የቀይ መስቀል ምልክት ያለበት የአሜሪካኖቹ ሆስፒታል ሳይቀር ሲመታ፣ አያቴ ልጆቿን ይዛ ወደ ጦሳ እንደሸሸች አንተም ከእኔ እኩል ስትሰማው ያደግኸው ነው። የዚህ አውሮፕላን ናሙና ከተከሰከሰ ገና 37 ቀኑ ነበር። «ይህ የአሜሪካ ነው፣ የደሴዎቹ የጣሊያን ነበሩ» ብዬ አስረዳኋት። ሰምታኝ ስታበቃ ስኒዋን አስቀምጣ፣ «እንግዲያው ሆዷን ዝጋላት» አለች።

ዘጋሁት፤ ቦምቦቹ ከውስጥ አሉ፣ መዝጊያዎቹ ግን ተጣብቀዋል። አሁን የቀረኝ ወደ ጭራው የሚሄደው የሬዲዮ አንቴና ሽቦ ብቻ ነው፤ ፕላስቲክ በሻማ አሙቄ እየሳብሁ ብሞክርም ይበጠስብኛል። እዚያ በጣም ቀጭን የሚለጠጥ ክር ብታገኝ በፖስታ ውስጥ አድርገህ ላክልኝ። ቃል የገባሁልህን ፎቶ ከዚህ ጋር አስቀምጫለሁ፤ በአፍንጫው መስታወት ግራ በኩል፣ ከታች፣ ሳይወጣ የቀረ አንድ ጭረት ታያለህ።

ወዳጅህ፣ ከደሴ