ከፍራንክፈርት ለቱሉ ዲምቱ

ውድ እማዬ፣

እንደምን ከርመሻል? ጉልበትሽስ? ሚጣ ይህን የምታነብልሽ ቡናው ከወረደ በኋላ ይሁን፣ ረዘም ይላል። በስልክ ያላወራሁሽ አንቺ ማልቀስ ስትጀምሪ ኔትወርኩም አብሮሽ ስለሚቆራረጥ ነው።

አርግዣለሁ። በ40 ዓመቴ፣ 17ኛ ሳምንቴን ይዣለሁ። እልልታሽን ጨርሺና ሚጣ ትቀጥል። ለዕድር ሴቶች ግን ገና አትንገሪ።

ወር ሙሉ ስትደውዪ "ሥራ ላይ ነኝ" እያልኩ የዘጋሁብሽ በዚሁ ነው። ሐኪሟ ዕድሜዬን አይታ፣ በአርባ ዓመታቸው ከሚወልዱ መቶ ሴቶች የአንዷ ልጅ ዳውን ሲንድረም፣ ማለትም አካልና አእምሮ ዘግይቶ የሚያድግበት አብሮ የሚወለድ ሁኔታ፣ ሊኖረው እንደሚችል ነገረችኝ። በሃያ አምስት ዓመት ቢሆን ከ1,200 አንድ ገደማ ነው። ከፈለግሽ በደም እናየዋለን አለች። እዚህ ጀርመን ከ2022 ጀምሮ ሐኪምና እናት ተማክረው ካመኑበት የጤና መድኑ ይከፍላል፤ ሳንቲም አላወጣሁም።

አትደንግጪ፣ ፅንሱን የነካው የለም። ደሙ የተቀዳው ከክንዴ ነው። ከ10ኛው ሳምንት ጀምሮ ከእንግዴ ልጁ የሚራገፍ የዘረመል ፍርፋሪ ከእኔው ጋር ተደባልቆ በደሜ ይዞራል። አንቺ ምስር ስትለቅሚ ጠጠሯን ነጥለሽ እንደምታወጪው አይደለም። ሁሉንም በአንድ ላይ ይቆጥሩና ከ21ኛው ክሮሞዞም፣ ዘረመሉን ከሚሸከሙት ክሮች ከአንዱ፣ የመጣው ከሚገባው ትንሽ በዝቷል ወይ ይላሉ። ከበዛ ልጁ ሁለት መያዝ ሲገባው ሦስት ይዞ ሊሆን ይችላል፤ ዳውን ሲንድረም የሚሉት ይኸው ነው። 18ኛውንና 13ኛውንም ያያሉ፤ የእነሱ ይብሳል፣ አብዛኞቹ ሕፃናት ዓመት አይደፍኑም።

ከሳምንት በኋላ ተደወለልኝ። በምሠራበት የአረጋውያን ቤት አንዲት አሮጊት ገላ እያጠብኩ ነበር፤ ስልኩን ያነሳሁት በአረፋ እጄ ነው። "ውጤት አልወጣም" አሉኝ። በደሜ ውስጥ ያለው የልጁ ድርሻ አንሶ መለየት አልተቻለም፣ ያጋጥማል፣ ድጋሚ ይቀዳል። እኔ ግን የደበቁኝ መሰለኝ። አሥር ቀን እህል አልዋጥ አለኝ።

በዚያ ሰሞን ከዓይኔ አልጠፋ ያለው ማን መሰለሽ? የምድር ቤቷ ሴትዮ ልጅ፣ ዳውን ሲንድረም ያለበት ማሙሽ። የዛሬ ሁለት ዓመት ለፋሲካ ስመጣ ሌሊት ስምንት ሰዓት ላይ በር ተደበደበ፣ ሌባ መስሎኝ ዘልዬ ተነሳሁ። "ውሃ! ውሃ መጣ!" ይላል። ደረጃው ድቅድቅ ጨለማ ነው። ቢጫ ጀሪካኑን በሆዱ ታቅፎ አንድም በር ሳይዘል እስከ አራተኛ ፎቅ ወጣ። የእኛን ሁለት ጊዜ መታ፣ አንቺ ቶሎ እንደማትሰሚ ስለሚያውቅ።

ጠዋት አንቺ "በስተርጅና ወልዳው እኮ ነው፣ የእግዜር ቁጣ" አልሽ። ዝም አልኩሽ። አሁን ልመልስልሽ። እናቱን ጠይቄያታለሁ፣ ስትወልደው 22 ዓመቷ ነበር። ዳውን ሲንድረም ካለባቸው ልጆች ብዙዎቹ የወጣት እናቶች ናቸው፣ ወጣቶቹ በብዛት ስለሚወልዱ። አብዛኛውን ጊዜ ክሮሞዞሙ ሳይለያይ የሚቀረው ገና እንቁላሉ ሲሠራ ነው። ቡዳም እርግማንም የለበትም። ሚጣ፣ ይቺን ድገሚላት። ለእናቱም ዲቦራ ፋውንዴሽን የሚባል ለእንደ እሱ ላሉ ልጆች የሚሠራ ድርጅት አዲስ አበባ ውስጥ እንዳለ ንገሪልኝ፣ ካልሰማች።

ሁለተኛው ውጤት ሐሙስ ደረሰ፣ "ዕድሉ ዝቅተኛ ነው" ይላል። የለም አይልም፤ ይህ ምርመራ እንደዚያ አይናገርም። ከፍተኛ ቢል ኖሮም የሽርት ውሃ በመርፌ ቀድተው ሳያረጋግጡ አይፈርዱም፤ እንግዴ ልጁና ልጁ የማይመሳሰሉበት ጊዜ አለ። ያኔ ምን ታደርጊ ነበር ብለሽ አትጠይቂኝ። ከባለቤቴ ጋር ሁለት ሌሊት ተነጋግረን አልጨረስነውም።

ሚጣ፣ አሁን ወዳንቺ። ጓደኛሽ ስላሠራች ለሚቀጥለው እርግዝናዬ ለዚህ ምርመራ ብር ላኪልኝ ያልሽውን አልላክሁም። ገና 26 ዓመትሽ ነው። ደግሞ ይህ ደም የኅብለ ሰረሰር ክፍተትን አያይም፣ ያ ደግሞ እኛ አገር ብዙ ነው። ሁለተኛውን ካሰባችሁ ሳታረግዢ ጀምረሽ በቀን 400 ማይክሮግራም ፎሊክ አሲድ ዋጪ፤ ካረገዝሽ በኋላ መጀመር ይዘገያል። ከ18 እስከ 22 ሳምንት ባለው ጊዜ ደግሞ ጥሩ አልትራሳውንድ ተነሺ። የእሱን ብር ልኬያለሁ።

እማዬ፣ በሚመጣው ሰው ጋቢሽን የሚያስንቅ ብርድ ልብስ ታገኛለሽ። ከውስጡ በግንባር የሚታሰር ባትሪ አለ። ለሚጣ ባል አይደለም። ለማሙሽ ነው፣ ለደረጃው። ማብሪያውን አንድ ጊዜ ብቻ አሳዪው።

ልጅሽ