የሞርፊኑ ጠርሙስ ከሆስፒታሉ በር ሲወጣ

ለአማራ ክልል ጤና ቢሮ
ባሕር ዳር

ጉዳዩ፦ ሆስፒታል ውስጥ የተጀመረ የሕመም ማስታገሻ በታማሚው ቤት ሳይቋረጥ እንዲቀጥል ስለመጠየቅ

የተከበራችሁ የቢሮው ኃላፊዎች፤

ካንሰሩ ተሰራጭቶ ቀዶ ሕክምናም ኬሞም የማይመልሰው ደረጃ ላይ የደረሰ ሰው ወደ ቤቱ ሲሸኝ፣ አስታማሚው ብዙ ጊዜ «ከዚህ በኋላ የምናደርገው ነገር የለም» ተብሎ ነው የሚሰናበተው። ይህ አባባል ትክክል አይደለም። በሽታውን ማቆም ካልተቻለ በኋላም ሕመሙን፣ ማቅለሽለሹን፣ የትንፋሽ ማጠሩን፣ የቁስሉን ሽታና የእንቅልፍ ማጣቱን መቆጣጠር ይቻላል። ፓሊየቲቭ ኬር የምንለው የማስታገሻ ሕክምና ይኸው ነው፤ ራሱን የቻለ ሙያም ነው። ይህን ደብዳቤ የምንጽፈው በባሕር ዳርና በጣና ዙሪያ የምንሠራ ነርሶች፣ ፋርማሲስቶችና ሐኪሞች ነን።

ሙያው በጥናት የተደገፈ ነው። ዶክተር ጄኒፈር ተሜልና ባልደረቦቻቸው እ.ኤ.አ. በ2010 ያሳተሙት ጥናት 151 የሳንባ ካንሰር የተሰራጨባቸው ታማሚዎችን በሁለት ከፍሎ ተከታትሏል። ግማሾቹ የተለመደውን የካንሰር ሕክምና ብቻ አገኙ፤ ሌሎቹ ከዚያው ጋር ገና ከጅምሩ የማስታገሻ ሕክምና ተጨመረላቸው። ሁለተኞቹ የተሻለ ኑሮ ኖሩ፣ ድባቴው ቀነሰላቸው፣ በመጨረሻዎቹ ሳምንታትም በከባድ ሕክምና የተንገላቱት ከሌሎቹ ያነሱ ነበሩ። በሕይወት የቆዩበት ጊዜ መካከለኛ ልኬት 11.6 ወር ሲሆን የሌሎቹ 8.9 ወር ነበር። ጥናቱ በአንድ የቦስተን ሆስፒታል፣ በአንድ ዓይነት ካንሰር ላይ የተሠራ ስለሆነ ቁጥሩን እንዳለ ወደ ጣና ዳር አናመጣውም። ትምህርቱን ግን እንወስዳለን፤ ማስታገሻ ሌላው ሁሉ ሲያልቅ የሚጀመር ነገር አይደለም፣ በሽታው ከታወቀበት ቀን ጀምሮ ጎን ለጎን ይሄዳል። ላንሴት የተባለው የሕክምና መጽሔት ያቋቋመው ኮሚሽን እ.ኤ.አ. በ2017 ባወጣው ዘገባ ደግሞ በዓለም ከተከፋፈለው 298.5 ቶን ሞርፊንና መሰል ብርቱ የሕመም ማስታገሻ ውስጥ ድሃ አገሮች የደረሳቸው 0.1 ቶን ብቻ ነው። ከ1000 ኪሎው ግማሽ ኪሎ እንኳ አልደረሳቸውም ማለት ነው።

አሁን ወደ ጠርሙሱ እንምጣ። የማኅፀን በር ካንሰር ያለባት አንዲት የዘጌ ሴት በየ4 ሰዓቱ 10 ሚሊ ግራም የሚጠጣ ሞርፊን ታዝዞላት ወደ ቤቷ ተመለሰች እንበል። ሌሊት ለመድኃኒት እንዳትቀሰቀስ የመኝታው መጠን እጥፍ ስለሚሆን በቀን 60 ሚሊ ግራም ትወስዳለች። ፈሳሹ በ5 ሚሊ ሊትር ውስጥ 5 ሚሊ ግራም የያዘ ከሆነ፣ በሳምንት 420 ሚሊ ሊትር ያስፈልጋታል። ስለዚህ የግማሽ ሊትር ጠርሙስ ይሰጣትና «ለሳምንት ይበቃል» ይባላል። በመሃል ሕመሙ ሲገነፍል የምትወስደው ተጨማሪ 10 ሚሊ ግራም ግን በስሌቱ ውስጥ አልገባም። በቀን ሁለት ጊዜ ቢያስፈልጋት ፍጆታዋ በቀን 80 ሚሊ ሊትር ይሆናል፤ በ7ኛው ቀን ከረፋዱ 4 ሰዓት በኋላ በጠርሙሱ ውስጥ ጠብታ አይኖርም። የደቅ ደሴት ሰው ብትሆን ደግሞ ጀልባ መጠበቅ አለባት፤ ከሰዓት በኋላ ነፋሱ ተነሥቶ ሐይቁ ከተናወጠ ያ ቀን አለፈ።

ለሳምንታት ሞርፊን የለመደ ሰውነት በድንገት ሲያጣው በአንድ ሁለት ቀን ውስጥ ያልበዋል፣ ያስቀምጠዋል፣ ይቁነጠነጣል፤ በዚያ ላይ ሕመሙ ይመለሳል። ቤተሰቡ ይህን ሲያይ «ሱስ አስይዘዋት ነው» ይላል፤ በሚቀጥለው ጊዜ ጠርሙሱ ቢመጣ እንኳ አይቀበልም። ሱስ የተባለው ከክምችትና ከቀጠሮ መዛነፍ የመጣ ነው። ሕመሙ ያለበት ሰው መጠን የሚጨመርለት አብዛኛውን ጊዜ በሽታው ስለገፋ ነው። ሞርፊን ትንፋሽ ያደክማል የሚለውን ስጋትም እናውቀዋለን። በትንሽ ተጀምሮ ቀስ እያለ ሲጨመር ግን ትንፋሽ ከመድከሙ በፊት ከባድ እንቅልፍ ይቀድማል፤ አስታማሚ አይቶ የሚለየው ምልክት ነው።

ቀላል የሚመስል፣ ግን ብዙ የሚያበላሽ ነገር የሰዓቱ አጻጻፍ ነው። ጠርሙሱ ላይ በሚለጠፈው ሌብል 6፣ 10፣ 14፣ 18፣ 22 ተብሎ ሲጻፍ ቤት ያለችው ልጅ 10ን ከቀኑ 10 ሰዓት ብላ ታነባለች፤ 14ና 18 ደግሞ ምንም አይሏትም። ሕመም በሰዓቱ ካልተቀደመ ተመልሶ ለማስታገስ የበለጠ መድኃኒት ይጠይቃል። በኢትዮጵያ አቆጣጠር ጠዋት 12፣ ረፋድ 4፣ ቀን 8፣ ማታ 12፣ ለመኝታ 4 ተብሎ ይጻፍ። መስፈሪያውም እንዲሁ ነው፤ የአንዱ ቤት የሻይ ማንኪያ ከሌላው ቤት ስለሚለይ ከጠርሙሱ ጋር መርፌ የሌለው የ5 ሚሊ ሊትር ሲሪንጅ ይሰጥ።

ከሞርፊን ጋር የሆድ ማስለስለሻ ሳያዝዙ መሸኘት ሌላው ስሕተት ነው። ማቅለሽለሹና ድብታው በጥቂት ቀናት ውስጥ ይለቃል፤ ለማቅለሽለሹ የ10 ሚሊ ግራም ሜቶክሎፕራማይድ ይበቃል። የሆድ ድርቀቱ ግን አይለቅም፣ መድኃኒቱ እስካለ ድረስ አለ። ከመጀመሪያው ቀን አንሥቶ ማታ ማታ ከ5 እስከ 10 ሚሊ ግራም ቢሳኮዲል ካልታዘዘ፣ ታማሚዋ በሳምንቱ ሞርፊኑን ራሷ ትተወዋለች። ያቺው የዘጌዋ ሴት ሌላም አደጋ አለባት። የማኅፀን በር ካንሰር ሲስፋፋ የሽንት ቱቦዎችን ይጫናል፣ ኩላሊት ይደክማል፤ ያኔ የሞርፊኑ ዝቃጭ በደሟ ይጠራቀማል። ሽንቷ ቀንሶ፣ እንቅልፍ እንቅልፍ እያላት ጡንቻዋ ብድግ ብድግ ካለ መጠኑ መቀነስ፣ በአንዱና በሌላው መጠን መካከል ያለው ጊዜም ወደ 6 ወይም 8 ሰዓት መስፋት አለበት። ይህን የሚያይላት በአቅራቢያዋ ያለ የጤና ጣቢያ ነርስ እንጂ ከሳምንታት በኋላ የምትደርስበት ቀጠሮ አይደለም። ሞርፊን በሌለበት ደከም ያለውን ማስታገሻ ትራማዶልን እየጨመሩ መሄድም መፍትሔ አይደለም፤ በቀን ከ400 ሚሊ ግራም ካለፈ የሚጥል በሽታ ዓይነት መንቀጥቀጥ ሊያመጣ ይችላል።

ሁሉም ነገር ሞርፊን አይደለም። የጡት ካንሰር ቆዳውን በስቶ ሲወጣ ቁስሉ የሚሸተው አየር በሌለበት በሚራቡ ባክቴሪያዎች ነው። ቤተሰቡ ዕጣን ያጨሳል፣ በር ይከፍታል፤ ቀስ በቀስ ታማሚዋ ወደ ጓዳ ትገባለች፣ ምግቧም በር ላይ ይቀመጥላታል። መድኃኒቱ በየጤና ጣቢያው የምናውቀው ሜትሮኒዳዞል ነው። 1 ሊትር የፈላ ውኃ ውስጥ አንድ የሻይ ማንኪያ ጨው ተሟሙቶ ይቀዘቅዛል፤ አሮጌው ፋሻ በዚህ ውኃ እስኪርስ ድረስ ይጠበቃል እንጂ ደርቆ አይነጨም፤ ከተነጨ ይደማል። ቁስሉ በውኃው ከታጠበ በኋላ የ250 ሚሊ ግራም እንክብሉ እንደ ዱቄት ልሞ ይነሰነስበትና በንጹሕ ጨርቅ ይሸፈናል፤ በየቀኑ ይደገማል። በጥቂት ቀናት ሽታው ሲቀንስ እኅቷ እንደገና አልጋዋ ጠርዝ ላይ ትቀመጣለች። ይህን ለአንዲት ጤና ኤክስቴንሽን ሠራተኛ በአንድ ጠዋት፣ አልጋው አጠገብ ማስተማር ይቻላል።

ስለ ጾም በግልጽ መነገር አለበት። ጿሚ ታማሚ የጠዋት 12 እና የረፋድ 4 ሰዓቱን መድኃኒት ይዘላል፤ ሕመሙ ሲነድ ይውላል፣ የ8 ሰዓቱ ብቻውን አይደርስበትም። ሐኪም «ጾሙን ይተዉ» ቢል አይሰማም፤ ነፍስ አባቱ «የታመመ ከጾም ይፈታል» ሲሉት ይሰማል። ለሙስሊም ታማሚ በረመዳን ሼኹ ይህንኑ ይነግሩታል። ጠበል የሚሄድም መድኃኒቱን ይዞ ይሂድ፤ ከሁለቱ አንዱን ምረጥ ስንለው የሚቀረው የእኛ ነው። በአገራችን መርዶ ዘመድ ተሰብስቦ፣ ጊዜ ተመርጦ የሚነገር ነገር ነው። ከባድ ውጤትን ኮሪደር ላይ ቆሞ መናገር፣ ወይም ለልጆች ነግሮ ታማሚውን መደበቅ የዚህ ተቃራኒ ነው። አስቀድሞ «ስለ ሕመምዎ ምን ያህል ማወቅ ይፈልጋሉ? ማን አብሮዎት ይስማ?» ብሎ መጠየቅ ይገባል።

ከቢሮው የምንፈልገውን እንናገር። ኡጋንዳ መንገዱን አሳይታናለች። ዶክተር አን ሜሪማን እ.ኤ.አ. በ1993 ሆስፒስ አፍሪካ ኡጋንዳን ሲመሠርቱ የሚጠጣው ሞርፊን እዚያው ይቀመም ነበር፤ የሞርፊን ዱቄት፣ ንጹሕ ውኃ፣ ማቆያና ጥንካሬውን የሚለይ ቀለም ነው። 1 ግራም ዱቄት ለ1 ሊትር ሲሆን ከላይ የጠቀስነው ጥንካሬ ይገኛል። እ.ኤ.አ. በ2004 ደግሞ የሠለጠኑ ነርሶች ሞርፊን እንዲያዝዙ ሕጉ ፈቀደላቸው። እኛም በባሕር ዳር ካሉ የሆስፒታል ፋርማሲዎች በአንዱ ፈሳሹ እንዲቀመምና ለጤና ጣቢያዎች እንዲከፋፈል፣ ሐኪም የጀመረውን መድኃኒት የሠለጠነ የጤና ጣቢያ ባለሙያ እንዲያድስ እንጠይቃለን። ፈቃዱ የፌዴራል ከሆነ ጥያቄው ከቢሮው ይነሣ።

የሁሉም መሠረት ቆጠራው ነው። እያንዳንዱ አገር የዓመት የሞርፊን ፍላጎቱን ገምቶ ለዓለም አቀፉ የአደንዛዥ ዕፅ ቁጥጥር ቦርድ ያቀርባል። ግምቱ ካለፈው ዓመት ፍጆታ ብቻ ከተወሰደ፣ መድኃኒቱ ጠፍቶ የከረመባቸው ወራት እንደ «አልተፈለገም» ይቆጠራሉ፤ በሚቀጥለው ዓመት ደግሞ ያነሰ ይመጣል። በጠርሙስ ምትክ በታማሚ የሚቆጠር መዝገብ ይኑር፤ መድኃኒቱ ያልነበረባቸው ቀናትም ይጻፉበት፤ የሁለት ወር ክምችት ሲቀር አዲስ ትዕዛዝ ይውጣ። መዝገቡን እኛ አርቅቀን እናቀርባለን። ለጠርሙሱ ያዘጋጀነው ሌብል ደግሞ ይህ ነው፦

ፈሳሽ ሞርፊን፣ በ5 ሚሊ ሊትር 5 ሚሊ ግራም። ጠዋት 12፣ ረፋድ 4፣ ቀን 8፣ ማታ 12 ሰዓት፦ በሲሪንጁ ሁለት ሙሉ። ለመኝታ 4 ሰዓት፦ አራት ሙሉ። በመሃል ሕመሙ ከተነሣ፦ ሁለት ሙሉ፤ ሰዓቱን ጻፉ፣ ቀጣዩንም አትዝለሉ። ለመቀስቀስ ካስቸገረ ቀጣዩን ሳትሰጡ ደውሉ። ከፀሐይና ከሕፃናት አርቁ። ጠርሙሱ ላይ ያለው ቀይ መስመር የ3 ቀን ቀሪ ነው፤ ፈሳሹ መስመሩ ላይ ሲደርስ ወደ ጤና ጣቢያ ሰው ላኩ።

ከአክብሮት ጋር
በባሕር ዳርና በጣና ዙሪያ የምንሠራ የጤና ባለሙያዎች