ጥፋቱ የሽሮው አይደለም

ለዝግጅት ክፍሉ፣

ባለፈው ሳምንት ስለ ሯጮች አመጋገብ ያወጣችሁትን ዘገባ ብዙዎቻችን አንብበነዋል። እኔ አንዷ መስመር ላይ ቆሜ ቀረሁ። «በጎንደርና አካባቢው ያሉ ወጣት ሯጮች ከእንጀራና ከሽሮ ያለፈ ስለማይመገቡ ውጤት ማምጣት ተስኗቸዋል» ትላለች። በሙሉ ገጽ ዘገባ ስለ እኛ የተጻፈችው ይህችው ናት። እሷም ስህተት ናት።

ዘጋቢያችሁ እኮ ደውሎልኝ ነበር። ተማሪዎቼን ሜዳ ላይ ትቼ አርባ ደቂቃ አወራሁት። ስለ በሶው፣ ስለ ጾሙ፣ ልጆቹ በባዶ ሆዳቸው ስለሚሮጡት ሁሉ አንድ በአንድ ነገርኩት። ጋዜጣው ሲወጣ ካወራሁት አንዲት ቃል የለችም። በምትኩ የፕሮቲን ዱቄት ቆርቆሮ ፎቶ አለ። እዚህ ከተማ 14 ዓመት ልጆች ሳሮጥ ኖሬያለሁ። ጠይቃችሁኝ ስታበቁ እንዳልጠየቃችሁኝ መጻፋችሁ ያማል።

ወደ ቁም ነገሩ ልግባ። ጠንከር ያለ ሩጫ ከሁሉ በላይ የሚፈጀው ካርቦሃይድሬት ነው። ሰውነት ይህን ጡንቻና ጉበት ውስጥ ግላይኮጅን አድርጎ ያከማቻል። ጎተራው ግን ትንሽ ነው። ከአንድ ሰዓት ተኩል እስከ ሁለት ሰዓት በሚፈጅ ከባድ ሩጫ ይራቆታል። ለዚህ ነው የስፖርት አመጋገብ ባለሙያዎች ለረጅም ርቀት ሯጭ በቀን ለአንድ ኪሎ ክብደቱ ከ6 እስከ 10 ግራም ካርቦሃይድሬት የሚመክሩት። ፕሮቲኑ ከ1.2 እስከ 2 ግራም ነው። 50 ኪሎ የሚመዝን ልጅ እንውሰድ። ከ300 እስከ 500 ግራም ካርቦሃይድሬት ይፈልጋል። ግማሽ ኪሎ ቀይ ሥጋ ብታበሉት ከዚህ ውስጥ ምንም አታገኙለትም። ታዲያ ከየት ያምጣው? ከእንጀራው ነዋ!

ፕሮቲኑስ ብትሉ፣ ሽሮ ከምን እንደሚፈጭ ዘጋቢያችሁ እናቱን ይጠይቅ። ሽምብራው፣ ባቄላው፣ አተሩ ከእህሉ የጎደለውን ላይሲን የተባለ የፕሮቲን ክፍል ይሞላል። በ2011 እ.ኤ.አ. የታተመ ጥናት ደግሞ ታላላቅ የኢትዮጵያ የረጅም ርቀት ሯጮች ምን እንደሚበሉ መዝኗል። ከሚያገኙት ኃይል 64 በመቶ ያህሉ ከካርቦሃይድሬት፣ 12 በመቶ ያህሉ ከፕሮቲን፣ ቀሪው ከቅባት ነበር። አብዛኛው ምግባቸውም ከዕፅዋት የተገኘ ነው። እነሱን ያሮጠ ምግብ የእኛን ልጆች በምን ዕዳ ይጥላል?

ይህ የወረቀት ክርክር ብቻ ቢሆን ዝም ባልኩ። ከማሠለጥናቸው ልጆች አንዱ ዘገባችሁን በስልኩ አነበበ። በነጋታው ለእናቱ «ከዛሬ ጀምሮ እንጀራ አልበላም» አላት። ጠላ ሸጣ የምታሳድገው ልጅ ነው። ተበድራ እንቁላልና ሥጋ ገዛችለት። አምስት ቀን ከዚያ ሌላ አልቀመሰም። ቅዳሜ ከንጋቱ 11 ሰዓት ተኩል ላይ በአዘዞ መንገድ ረጅሙን ሩጫ ጀመርን። ሌላ ጊዜ ከፊት የሚመራው እሱ ነው። አንድ ሰዓት ሳይሞላ ጠፋብኝ። ተመልሼ ሳየው ድንጋይ ላይ ተቀምጧል። ግንባሩን ቀዝቃዛ ላብ አጥምቆታል፤ እጁ ይንቀጠቀጣል።

«ቲቸር፣ እግሬ እምቢ አለኝ» አለኝ።

በሃይላንድ በስኳር በጥብጬ የያዝኩትን በሶ ሰጠሁት። በሁለት እጁ ይዞ፣ ታች የረጋውን ሳይቀር እየነቀነቀ ጨለጠው። ሩብ ሰዓት ቆይቶ ፊቱ ተመለሰ፤ ተነስቶ ቆመ። «አበበ በሶ በላ» እያልን ፊደል የቆጠርን ሰዎች ስለ በሶ አንድ መስመር መጻፍ እንዴት ያቅተናል?

ሥጋ አይጠቅምም አላልኩም። ቫይታሚን ቢ12 የሚገኘው ከሥጋ፣ ከእንቁላልና ከወተት ነው። ሴቶቹ ልጆች ደግሞ ከወንዶቹ ይልቅ ብረት ያንሳቸዋል። ጤፍ ውስጥ ብረት አለ፤ ግን ምግቡ ላይ ወዲያው ሻይ ወይም ቡና ከተጠጣ ሰውነት በደንብ አይወስደውም። «ሻዩን ትንሽ አቆዩት» ብላችሁ ብትጽፉ ስንት ልጅ በጠቀማችሁ! አምስት ሳንቲም አያስወጣም።

የልጆቻችን ችግር ጠግበው አለመብላታቸው ነው። ጤፍ ተወዷል። ሽሮው ይቀጥናል፤ እንጀራው ለሁለት ይከፈላል። በጾም እስከ ዘጠኝ ሰዓት የሚቆይ ልጅ ጠዋት ከባድ ልምምድ ቢሠራ ይዝላል። እኔ በዐቢይ ጾም ከባዱን ልምምድ ወደ ማታ አዛውራለሁ። ይህንንም በስልክ ተናግሬው ነበር።

የልጁ እናት ትናንት መንገድ ላይ አገኘችኝ። «መምህር፣ እንግዲህ ሽሮውን ልሥራለት ወይስ ልተው?» አለችኝ። ሥሪለት አልኳት። እሷ ግን «ጋዜጣው ነው የተናገረው፤ ጋዜጣው ይመልስልኝ» አለች። ማስተካከያውን ስታወጡ ልጇ ያነብላታል።

የሰውነት ማጎልመሻ መምህር
ጎንደር